የላላው ስፌት

እታለም የምትቀመጠው ከመጋዘኑ በር በስተግራ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ነው። ወንበር የላትም። ባዶ ጆንያዎች አጣጥፋና ደራርባ እላያቸው ላይ ትቀመጣለች። ወገቧን ሲይዛት የምትደገፈው ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ግን ቆርቆሮ ነውና ከሰዓት በኋላ እንደ ካውያ ይግላል። ትንሽ ልረፍ ብላ ጀርባዋን ስትሰጠው ብድግ ያደርጋታል።

እታለም እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ጫኝና አውራጆቹ ናቸው እንዲህ ብለው የጠሯት። እነሱ ሲሉ ሚዛን ያዡ አለ፣ ሚዛን ያዡ ሲል ዘበኛው አለ፣ በመጨረሻም ባሏ ሳይቀር «እታለም፣ ሻይ አለ ወይ?» ማለት ጀመረ።

«እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ እህትህ?» ብትለው፣

«አገሩ ሁሉ እህቴ ካለሽ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?» አላት።

ሥራዋ የጆንያ አፍ መስፋት ነው። በአጨዳ ወራት ኮምባይነሩ ስንዴውን ከማሳው ላይ ይላጨዋል፤ ተጎታቹ አምጥቶ መጋዘኑ ደጃፍ ይዘረግፈዋል፤ በአካፋ ጆንያ ይሞላል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከሚዛን ወርዶ እሷ ፊት ይቆማል። አፉን ሰብስባ ታጥፈዋለች፣ አንዱን ማዕዘን በሲባጎ ጠምጥማ ታስረዋለች፣ በረጅሙ የጆንያ መርፌ ከዳር እስከ ዳር ትሄድበታለች፣ ሌላውን ማዕዘን አስራ ሲባጎውን በጥርሷ ትበጥሰዋለች። እነዚያ የታሰሩ ማዕዘኖች ጆሮ ይባላሉ። ጫኙ ጆንያውን የሚያነሳው በጆሮው ይዞ ነው። ጆሮው ከላላ ከእጅ ያመልጣል፤ ስፌቱ ከላላ ደግሞ ትከሻ ላይ ይፈነዳል። የእሷ ጆንያ አምልጦም ፈንድቶም አያውቅም። ከጎኗ ሌሎች ሁለት ሰፊዎች አሉ፤ ጫኞቹ ግን ተሰልፈው የእሷን ይጠብቃሉ።

«ኧረ የነሱንም አንሱ፤ ምን በደሏችሁ!» ትላቸዋለች እያፈረች።

«የነሱ ጆንያ ጆሮው አይሰማም፤ ያንቺን ግን ና ስንለው ይመጣል» ይላታል የጫኞቹ አለቃ። ይህን ሰው ሁሉም ትከሻ ይለዋል። ለምን እንዲህ እንደተባለ ያየው ሰው አይጠይቅም።

እሷም ትስቃለች። ሳቋ የእውነት ነው፤ ሰዎቹን ትወዳቸዋለች። የሚያቃጥላት ሰዎቹ አይደሉም።

መጋዘኑ የቆመው በአማቷ ማሳ ላይ ነው። ባለሀብቱ መጥቶ የአካባቢውን እርሻ በሙሉ ለረጅም ዘመን ሲከራይ፣ መሬቱን የሰጠ ቤት ሁሉ አንድ ሰው በቋሚነት እንዲያስቀጥር ተስማምቶ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ ሰው። ከዚህ ቤት መጀመሪያ የገባው ባሏ ነበር፤ በጫኝነት። ወገቡ ሲበላሽ ድርጅቱ አሰናበተውና በእሱ ቦታ እሷ ገባች። ባል ወጣና መንገድ ዳር ጎማ መለጠፍ ያዘ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዉ ቦታውን እንደ ልቡ መቀባበል ጀመረ። ዛሬ ወንድም ይገባል፣ ነገ የአጎት ልጅ፣ ከነገ ወዲያ የጎረቤት ሰው። ሚዛን ያዡ በየጠዋቱ አዲስ ፊት ሰላም ማለት ሰለቸው። ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ ሁሉንም ሰብስቦ «ይሄ ሥራ ነው ወይስ ሁሉ እየተዋሰ የሚቆፍርበት የሰፈር አካፋ?» አለና አንድ ደንብ አወጣ። ሰው በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ፣ የቤቱም ቦታ አብሮት ይጠፋል። ድርጅቱ ያሰናበተው እንደሆነ ብቻ ነው ቤቱ ሌላ ሰው የሚልከው።

ለሌላው ሰው ይህ ደንብ ምንም አልነበረም። ለእታለም ግን ከውጭ የተቆለፈ በር ሆነባት። ምክንያቱም መልቀቅ ትፈልጋለች።

ከማግባቷ በፊት ከታላቅ እህቷ ጋር ልብስ ትሰፋ ነበር። ያቺ እህት አሁን ከተማው ውስጥ የራሷን ልብስ ስፌት ቤት ከፍታለች። ሁለት የስፌት መኪና አላት። አንዱ ላይ ራሷ ትሰራለች፤ ሌላው በአበባ ጨርቅ ተሸፍኖ ሰው ይጠብቃል። እታለም አንድ እሁድ ሄዳ አይታዋለች። ከመኪናው ፊት መደገፊያ ያለው፣ ስፖንጅ የተነጠፈበት ወንበር አለ። ቁጭ ብላበት እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች፤ እግሯ አልረሳም።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለቻት እህቷ። «የተማሪዎች ዩኒፎርም ይዣለሁ፣ ብቻዬን አልችለውም። አጨዳው እስኪያልቅ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እህትነታችን እንዳለ ሆኖ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ስትመለስ ለባሏ ነገረችው። እየሰማ የብስክሌት ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ይፈልግ ነበር።

«አንተስ? ትመጣለህ?» አለችው።

«ከተማ ውስጥ ጎማ አይተነፍስም እንዴ?» አላት። ቀጥሎ ግን አረፋውን ትቶ ቀና አለ። «እማማን ምን እንበላት?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አማቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማታ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ የሚያጥቡላት እሳቸው ናቸው። ግን ከመሬታቸው የቀራቸው ያቺ ቦታ ብቻ ናት። «አንቺ እዚያ ስትቀመጪ እኔ ማሳዬ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነው፣ ልጄ» ይሏታል። በሌላ በኩል የባሏ ታናሽ እህት ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች፤ ቦታውን ብታገኝ በሁለት እጇ ነው የምትቀበለው።

«እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ራስሽን አያምሽም እንዴ?» ትላታለች እየሳቀች። «አንድ ቀን አርፍደሽ ግቢ! ከዘበኛው ተጣዪ! ሰው እንዴት ይህን ያህል ጤነኛ ይሆናል?»

እንግዲህ መሄድ የምትፈልግ አለች፣ መግባት የምትፈልግ አለች፣ እሺ የሚል ባል አለ፣ የሚጠብቅ ወንበር አለ። በመሃል የቆመው ደንቡ ብቻ ነው። እታለም መባረር አለባት።

በዚያ ዓመት ከመጋዘኑ ጀርባ ሳይሎ ይሠራ ነበር። ባለሀብቱ ገንዘብ ጨምሮ፣ የቆርቆሮ ቀለበት በቀለበት ላይ እየደረበ፣ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ጎተራ አቆመ። ሳይሎው ሲያልቅ ስንዴው በቧንቧ ተስቦ ይገባል፤ ጆንያ የሚባል ነገር አይኖርም ተባለ። ሰዉ ሁሉ በፍርሃት ቀና እያለ ያየዋል። እታለም ብቻ፣ አንድ ቀለበት ከፍ ባለ ቁጥር፣ ልቧ አብሮ ከፍ ይላል። ለማንም አትናገርም እንጂ ለሠራተኞቹ በርቱ ማለት ያምራታል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሚዛን ያዡ ወሬ ይዞ መጣ። «አይዟችሁ፤ ሰፊዎችን አያሰናብቱም። ሳይሎውን እንድትጠርጉ ያዛውሯችኋል አሉ።» ሁለቱ ሰፊዎች ተመስገን አሉ። እታለም የያዘችውን መርፌ ጣቷ ውስጥ ሰካችው።

ሌላ መንገድ አልታያትም። በዚያው ቀን አንድ ጆንያ አላልታ ለመስፋት ቆረጠች።

ያሰበችው ትንሽ ነገር ነው። ጆንያው ገና ከፊቷ ሲነሳ አፉ ይከፈታል፣ ስንዴው ሚዛን ያዡ እግር ላይ ይፈሳል፣ እሱ ይጮሃል፣ ነገ ሁለተኛ ይደገማል፣ ከዚያ በቃሽ ትባላለች። አንዱን ጆሮ ሳታጠብቅ ጠመጠመችው። ስፌቱን አራርቃ ወረወረችው። ስትጨርስ የሌላ ሰው ሥራ መሰላት፤ ፊቷን አዞረች።

ጆንያው ግን አልተከፈተም። ለጊዜው ያዘ። በዚያ ላይ ለካ ባለሀብቱ ሳይሎውን ሊያሳይ እንግዶች ይዞ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ገብቶ ነበር። ትከሻ በእንግዶች ፊት ደካማ ላለመምሰል ሌሎቹን አልፎ መጣ፤ የሚያምነውን፣ የእሷን ጆንያ መረጠ።

«እሱን ተወው» አለችው ሳታስበው።

«ለምን? ታሟል?» ብሎ ስቆ ብድግ አደረገው።

በጭነት መኪናው መወጣጫ ሳንቃ ላይ እየሄደ፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ጆንያው ፈነዳ። ስንዴው ባንገቱ ገብቶ በሱሪው ወጣ። እግሩ ተንሸራተተ፤ የመኪናውን ብረት በአንድ እጁ ባይዝ ኖሮ ቁልቁል መሬት ላይ ነበር የሚያርፈው። እታለም መርፌዋን ጥላ ተነሳች። ይህን አላሰበችም። ሰው ከሥር ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣ። «ይህን ማነው የሰፋው?»

የሰፋው ማን እንደሆነ ጫኞቹ ሁሉ ያውቃሉ። ሦስቱ ሰፊዎች ሲባጎውን የሚቋጩት በየራሳቸው መንገድ ነው፤ ቋጠሮውን ያየ ሰፊዋን ያውቃል። ትከሻ ጎንበስ አለ፣ ሲባጎውን ከጆንያው አፍ መዘዘና በመዳፉ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«ስፌቱ ምንም አልሆነም ጌታዬ። እኔ ነኝ፤ ከብረቱ ጋር አላትሜው ነው።»

«አዎ፣ አይተናል» አሉ ጫኞቹ ባንድ አፍ።

«እኔም አይቻለሁ» አለ ዘበኛው፣ በሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ የነበረው።

«እንግዲያው ስትጠነቀቅ ትመለሳለህ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሂድ፣ ቤትህ ተቀመጥ። መቼ እንደምትመለስ እኔ አስጠራሃለሁ።»

እታለም በሩ ጋ ደረሰችበት። ከጸጉሩ ላይ ስንዴ እያራገፈ ነበር።

«ወንድሜ፣ ቆይ። እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

«ይኸው፣ አውቃለሁ» አለና ኪሱን መታ መታ አደረገው። «ሰው ይደክመዋል። እኛስ ስንት ጊዜ ጥለናል?»

«ደክሞኝ አይደለም። ሆን ብዬ ነው።»

ትከሻ ትንሽ አያትና ከት ብሎ ሳቀ። ዘበኛውን ጠራው። «ና ስማ! እታለም ሆን ብላ ልትገድለኝ ነበር!»

«እውነቴን ነው። እንዲያባርሩኝ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እንድመለስ ራስሽን ልትወነጅዪ። አታድርጊው። ደግሞ አያምርብሽም፤ መዋሸት አትችዪበትም።» ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያፏጨ ሄደ። ዘበኛው ራሱን እየነቀነቀ «እንዳንቺ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል!» አለ።

በዚያ ቀን የሰፋችውን ጆንያ ሁሉ እንባ እስኪመጣባት ድረስ አጠበቀችው። ትከሻ ቤት ልጆች አሉ፤ የሚበሉት ከዚያው ትከሻ ነው። በማግስቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አንኳኳች። ሰውየው መስኮቱ ላይ ቆሞ ሳይሎውን ያያል።

«የትናንቱን ጆንያ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለችው። «አውቄ ነው ያላላሁት። እሱ ምንም አላጠፋም። እሱን መልሱት፤ እኔን አሰናብቱኝ።»

ዘወር ብሎ ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። ሁላችሁንም የምሰበስብበት ጉዳይ አለኝ፤ ያኔ ትሰሚያለሽ።»

እታለም ከቢሮው ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካም። እውነቱን ተናግራለች፣ ትከሻ ይመለሳል፣ እሷ ትባረራለች። አንድ ድንጋይ ሳይሆን ሁለት ድንጋይ ከደረቷ ላይ የወረደላት መሰላት። ማታ ቤት ገብታ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ የላላውን ስፌት ጭምር። ባሏ ሰምቶ ሲያበቃ የጎማ መንፊያውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። የባሏ እህት የእታለምን የሥራ ቱታ ለብሳ መስተዋት ፊት ቆመች፤ እጅጌው ረዘመባትና ጠቀለለችው።

አማቷ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«ቦታውን እንዳይወስዱብዎት ፈርቼ ነው፣ እማማ።»

«እዚያ አስሬ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዩና «እጅጌውን በደንብ ጠቅልዪው፤ ማሽን እንዳይስበው» አሏት። ፈቃዳቸው ይህ ነበር።

እታለም ስልኩን ይዛ ደጅ ወጣች። «እህቴ፣ መኪናውን ግለጪው» አለቻት።

ከወዲያ የጨርቅ ድምፅ ተሰማ። «ገለጥኩት! ይኸው አቧራውን እየጠረግኩልሽ ነው!»

ስብሰባው የተደረገው ሚዛኑ ጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ አንድ የስንዴ ክምር ጫፍ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ጫማው ውስጥ ስንዴ እየገባበት ነው የሚናገረው። ሳይሎው አለቀ አለ። ከሚመጣው አጨዳ ጀምሮ ስንዴ በጆንያ አይገባም። ሰፊዎችን ወደ ጽዳት እናዛውራለን ያልነው ቀርቷል፤ ሳይሎው ራሱን የሚያጸዳ ማሽን አለው። ስለዚህ ሰፊዎች ይሰናበታሉ፤ ቤቶቻቸው ሌላ ሰው ይልካሉ፤ የሚላኩትን ለአዲስ ሥራ እናሰለጥናቸዋለን።

 እታለም የባሏን እህት በሐሳቧ በሩ ላይ አየቻት።

«ከአንዷ በቀር» አለ ሰውየው።

ምርጥ ዘር በሳይሎ አይቀመጥም፤ እንዳይደባለቅ በየጆንያው ታስሮ ለብቻው ክፍል ይቀመጣል። ለዚያ ክፍል አንድ ሰፊ ያስፈልጋል። «ዘር የሚሰጠው ለሚታመን ሰው ነው» አለ። «በዚህ ሳምንት አንዲት እህታችን ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ የሥራ ባልደረባዋን ለማዳን ስትል ባልሠራችው ጥፋት ራሷን ከሰሰች። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ትከሻ ከነገ ጀምሮ ይመለስ። እታለም ደግሞ የዘር ክፍሉን ትይዛለች፤ በቋሚነት፤ ማንም ከዚያ አያነሳትም።»

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ከሚሰናበቱት ሰፊዎች አንዷ እያለቀሰች አቀፈቻት። «ዕድለኛ ነሽ» አለቻት በጆሮዋ። «እኔ እንግዲህ ወጣሁ።» እታለም ያን ወጣሁ የሚለውን ቃል ከሴትየዋ አፍ ነጥቃ ለራሷ ብታደርገው በወደደች።

ሁሉም እሷን አዩ። መናገር ነበረባት። እውነቱን ሁለት ጊዜ ተናግራዋለች፤ አንዱ ሳቀባት፣ ሌላው ሾማት። ሦስተኛ ብትናገር ማን ይሰማታል? አልፈልግም ብትል ደግሞ በገዛ ፈቃዷ መልቀቋ ነው፤ የአማቷ ቦታ ያኔውኑ አለቀ፣ ያቺ እጅጌ ጠቅልላ የምትጠብቀው ልጅ ባዶ እጇን ቀረች። አፏን ከፈተች።

«እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ወጣ።

ወደ ቤት ስትገባ የባሏ እህት ከፊቷ ላይ አነበበችው መሰል ምንም ሳትጠይቅ ቱታውን አጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችላት። ባሏ መንፊያውን መልሶ መንገድ ዳር ይዞት ወጣ። አማቷ ውሃ አሞቁ። እታለም እግሯን ውሃው ውስጥ ከታ ስልኩን አነሳች።

«እህቴ፣ ሸፍኚው።»

«ምን?»

«መኪናውን። ወይም ለሰው ስጪው።»  እህቷ ለምን ብላ አልጠየቀቻትም፤ የጨርቅ ድምፅ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

የዘር ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነው። አንድ ትንሽ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ወደ ሳይሎው ነው የሚያሳየው፣ ከሳይሎው ቆርቆሮ በስተቀር ምንም አይታይበትም። መጀመሪያ ቀን ስትገባ ጫኞቹ በሩ ጋ ተኮልኩለው ይስቃሉ፤ አንድ ነገር ከጀርባቸው ደብቀዋል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት ትከሻ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ጨፍኚ አልኩሽ!»

ዓይኗን ስትገልጥ ወንበር ነው። ራሳቸው ከጭነት ሳንቃ የሠሩት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሱት፣ መደገፊያ ያለው ወንበር። መቀመጫውን በገለባ ሞልተው በጆንያ ጨርቅ ሸፍነውታል። ጨርቁን የሰፋው ትከሻ ራሱ ነው፤ ስፌቱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ የተሰፋው ግን በዚያች ኪሱ በከተታት ሲባጎ ነው።

«ያ ግድግዳ ጀርባሽን እንዳይፈጅሽ ብለን ነው» አላት። «እድሜ ልክሽን ቁጭ ትይበታለሽ።»

እታለም ቁጭ አለች። ከፍታው ልክ ነበር፤ ወገቧ የሚደገፍበት ቦታ ልክ ነበር። ሲለኳት አላየቻቸውም፤ በዓይናቸው ነው የለኳት።

«ልክሽ ነው?» አሏት ሁሉም ባንድ ላይ።

«ልኬ ነው» አለች።

የመጀመሪያውን የዘር ጆንያ አምጥተው ፊቷ አቆሙላት። መርፌዋን አነሳች። ለአንድ አፍታ እጇን አየችው፤ የራሷ ያልሆነ ይመስል። ከዚያ አፉን ሰብስባ አጠፈችው፣ የመጀመሪያውን ጆሮ ጠምጥማ ሳበችው፣ ሲባጎው ጣቷን እስኪቆርጠው ድረስ አጠበቀችው።